ኮከብ ሠራተኛ ያደረገችኝ ቡሎን

ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። ልጆች ከፋብሪካ ከወጣ ዓመት ያልሞላው መኪና ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ጉልበቷን ጨምርልን» ይሉኛል። አንዱ የጭስ ማውጫ ማርሚታው ይቀየር ይላል፣ ሌላው ኮምፒውተሯን እንንካ ይላል። እኔ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋራንቲዋ አልቋል ወይስ አላለቀም? አላለቀም ካሉኝ ሻይ ጋብዤ እሸኛቸዋለሁ። ውጭ ወጥተው «ሽማግሌው ፈሪ ነው» ይላሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ፈሪ ነኝ። ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ ግን እስከ መጨረሻው ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እናንተ አንባቢዎቼ ብታውቁት ምንም አትሉኝምና ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ሊወድቅ መሆኑን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር፤ እንኳን እኛ እሱም አላወቀም። ከተማዋን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ ሜካኒክ ነኝ። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ የመጣ ጸሐፊ ነበር። ባለቤቴ አስቴር የይርጋለም ልጅ ናት፣ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ነገሩ በፈነዳበት ሳምንት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ ደግሞ ሞተር በድምፁ ብቻ በሽታውን የሚያውቅ ሰው በአዋሳ ከእኔ ሌላ የለም ብዬ የማምን ጉረኛ ነበርኩ።

ድርጅታችን በዚያ ሰሞን አራት አዳዲስ የናፍጣ የመስክ መኪናዎች ደረሱት። የአንድ ዓመት የፋብሪካ ጋራንቲ አላቸው ተባለ። ጋራንቲ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ የገባው ሰው ግን አልነበረም። እኛ የተረዳነው «ቢበላሽ ፈረንጆቹ ይከፍላሉ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ይህም በጣም ደስ የሚል ነገር ነበር።

አንደኛዋን ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ታደለ ያዙ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ አገረ ሰላም ሲወጡ የሌላ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ዳገቱ ላይ ቀድሟቸው ሄደ። ጓድ ታደለ እስከ ላይ ድረስ የሰውየውን አቧራ እየበሉ ወጡ። በማግስቱ ቅንድባቸው ከአቧራው ሳይጠራ ጋራዥ መጡና ይህች መኪና ለምን አትሄድም ብለው ጠየቁኝ። ጓድ፣ ፋብሪካው ጉልበቷን ወስኖታል አልኳቸው።

«ማን ፈቅዶለት ነው የወሰነው?» አሉኝ።

ያኔ ዝም ብል ኖሮ ይህን ታሪክ አትሰሙም ነበር። እኔ ግን ኮፈኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። የናፍጣ ፖምፓው ላይ አንዲት ትንሽ ቡሎን አለች። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚጠጣ የምትወስነው እሷ ናት። ማንም እንዳይነካት ፋብሪካው በቀጭን ሽቦ አስሮ፣ ሽቦው ላይ የእርሳስ ብረት ማኅተም አድርጎባታል፤ ፕሎምፕ የምንለው ነው። ይህች ብትዞር ጉልበት ይጨምራል አልኩ፣ በኩራት። ጓድ ታደለ ፕሎምፑን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «እና?» አሉ።

ያቺ «እና» ናት ትእዛዙ። ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥኩት፣ በካቻቢቴ አንድ ዙር ከሩብ አዞርኩ። ከአምስት ደቂቃ አልፈጀም። መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች በረረች። በሳምንቱ ጓድ ታደለ ያንኑ ሰውዬ እዚያው ዳገት ላይ ቀድመው፣ ላይ ቆመው ጠብቀው ሰላም እንዳሉት ሹፌራቸው ዳንጊሶ ነገረኝ። እሱ የተናገረው ሳቅ ሳይል ነው፤ ዳንጊሶ ብዙ የማይስቅ፣ ብዙም የማይናገር ሰው ነው።

ወሬው የድርጅታችን ካድሬ ዘንድ ደረሰ። ጓድ ብርሃኑ ይባላል፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ለክፉም ለደጉም ወረቀት የሚያወጣ ሰው ነው። በዚያ ወር ለበላይ አካል የሚልከው የፈጠራ ሥራ ሪፖርት አጥቶ ተጨንቆ ነበርና ጋራዥ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ጻፈ። ሲጽፍ ደግሞ ለራሱ አያዝንም፤ ሙሉ ሁለት ገጽ ሞላ። በሠራተኞች ቀን «ጓድ መካሻ» ተብዬ መድረክ ላይ ተጠራሁ፤ ኮከብ ሠራተኛ ተባልኩ። የምስክር ወረቀትና አንድ ቴርሞስ ተሸለምኩ። ካቻቢቴ ይዤ ፖምፓውን ስነካ ፎቶ አነሱኝና ከነጽሑፉ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የቀሩት ሦስት መኪናዎችም «ከተሞክሮው ተጠቃሚ እንዲሆኑ» ተወሰነ። ከተሞክሮው አቋደስኳቸው፣ እያንዳንዳቸውን አንድ ዙር ከሩብ።

መኪናዎቹ በገቡ በስምንተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የጓድ ታደለ መኪና እዚያው የሚወዱት ዳገት ላይ እንዳለች ጮኸች፤ ነጭ ጭስ ተፋችና ቆመች። ዳንጊሶ መሪውን ለመያዝ ሲታገል ትከሻውን ተመታ። ጓድ ታደለ ቡና በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው ተመለሱ፤ መኪናዋ ከሰዓት በኋላ ተጎትታ መጣች። ከፍቼ አየሁ። አንዱ ፒስተን እንደ ሻማ ቀልጧል። ምክንያቱን ለማወቅ ጆሮም ዓይንም አላስፈለገኝም። ከልክ በላይ ናፍጣ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።

ጓድ ታደለ ግን አልደነገጡም። ጋራንቲ አለን አሉ። የፋብሪካው ሰው በአጋጣሚ አዲስ አበባ ነበረና በስልክ ተጠራ። ሐሙስ አዋሳ ገብቶ ሞተሩን ያያል፤ ካመነበት አዲስ ሞተር ይላካል ተባለ። ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ሥራው ሲመለስ እኔ የጋራንቲውን መጽሐፍ ከጽሕፈት ቤት ተውሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቤታችን አሁን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚባለው በኩል ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሼ ለአስቴር ሰጠኋትና አንብቢልኝ አልኳት።

ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታ፣ መጽሐፉን ሆዷ ላይ አስደግፋ ማንበብ ጀመረች። ዘይቱ መቼ እንደሚቀየር፣ ጎማው ምን ያህል እንደሚነፋ አነበበች። ከዚያ አንድ አንቀጽ ላይ ቆመች። ለራሷ ደግማ አነበበችውና ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። ከፋብሪካው ፈቃድ ውጭ የሞተሩን ጉልበት ለመጨመር የተነካካ ነገር ካለ፣ ወይም የፖምፓው ማኅተም ተቆርጦ ከተገኘ፣ ዋስትናው ከዚያች ቀን ጀምሮ ፈርሷል ይላል።

«ማኅተሙን የቆረጠው ማን ነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ቴርሞሱን የሸለሙህ ለዚህ ነው?»

ያን ዘመን ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ ሞተር መቃጠሉ ብቻውን ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሞተሩ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ነገር በአንድ ሰው እጅ ተበላሸ ከተባለ ስሙ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። ከጎናችን ካለው ድርጅት አንድ ኦፕሬተር በተሰበረ የትራክተር ጥርስ ምክንያት ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ፍርድ ቤት እንኳ አልቀረበም። ሚስቱ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ በእኛ በር ታልፋለች። አስቴር ያን ዕለት መጽሐፉን ዘግታ ያየችው ያንን መንገድ ነው። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እኔ ፈራሁ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ጓድ ታደለ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አንቀጹን ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ፤ ግን ወዲያው ተመለሰ። የሥልጣን ሰው ፊት ቶሎ ይመለሳል።

«እኔ ቡሎኗን አዙር ብዬ በጽሑፍ አዝዤሃለሁ?» አሉኝ።

«በጽሑፍ አላዘዙኝም።»

«በቃልስ?»

ቃሉ «እና» ብቻ እንደነበር አሰብኩና በቃልም አላዘዙኝም አልኩ። ጓድ ታደለ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም። እኔ ከተወሰድኩ መርማሪው ከኮፈኑ ተነስቶ ወንበራቸው ድረስ እንደሚመጣ ያውቁ ነበርና መፍትሔ ፈለጉ። በመስኮቱ ወደ መጋዘኑ አሻግረው እያዩ፣ የጠፋው ማኅተም ብቻ ከሆነ በእኛ ግቢ ማኅተም ጠፍቶ ያውቃል ወይ አሉኝ።

እውነት ነው፣ በእኛ ግቢ ከማኅተም የበዛ ነገር አልነበረም። የመጋዘኖቹ በር በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ በሽቦ ታስሮ የእርሳስ ፕሎምፕ ይመታበታል። መምቻው ፒንሳ የሚገኘው በንብረት ክፍል ኃላፊው በጋሽ ላንቃሞ እጅ ነው። ጋሽ ላንቃሞ የሲዳማ ሰው ናቸው፣ ሃምሳን ያለፉ፤ ንጉሡም እያሉ፣ አብዮቱም ከመጣ በኋላ አንዲት ሚስማር ሳትጎድልባቸው የኖሩ። ያለ ፊርማ መጥረጊያ እንኳ አያወጡም።

ፒንሳውን እንዲያውሱኝ ስጠይቃቸው መዝገቡን ሳብ አድርገው ስሜን ሊጽፉ እስክሪብቶ አነሱ። እጃቸውን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ይህን እንኳ አይጻፉት። ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ግቢው ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። እስክሪብቶውን አስቀመጡና፣ «አስቴር ደህና ናት?» አሉኝ። ደህና ናት አልኩ። ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ መዝገቡንም ዘጉት። ያ መዝገብ በሥራ ዘመናቸው ያለ ጽሑፍ ሲዘጋ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ቡሎኖቹን ሁሉ ወደ ቦታቸው መልሼ አራቱንም ፖምፓዎች በአዲስ ሽቦ አስሬ አተምኩ። ሥራው ጥሩ ነበር፣ አንድ ነገር ሲቀር። የፒንሳው ጥርስ ማኅተሙ ላይ «መጋዘን 2» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። በመዶሻ ልደመስሰው ሞከርኩ፤ ባሰበት። ግራሶ ቀባሁበትና ለእግዚአብሔር ተውኩት። በዚያ ዘመን በግልጽ ለእግዚአብሔር መተው የተከለከለ ስለነበር በልቤ ነው የተውኩት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ፈረንጁ መጣ። እኔ የጠበቅኩት ከረባት ያሰረ ሰው ነው። የመጣው ግን ጥፍሩ ውስጥ ዘይት የገባ፣ እጁ ወፍራም፣ የጡረታ ዕድሜው የተቃረበ ሜካኒክ ነበር። ከረባት ያሰረ ይታለላል፣ ሜካኒክን ግን እንዴት ታታልለዋለህ? ከአዲስ አበባ አብሮት የመጣ አስተርጓሚ አለ። ፈረንጁ ተቀመጥ ቢሉት እምቢ ብሎ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ሄደ። የቀለጠውን ፒስተን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ መነጽሩን አውጥቶ ወደ ፖምፓው አጎነበሰ። ግራሶዬን በጨርቅ ጠረገው።

ዳንጊሶ ትከሻውን በፎጣ አስሮ በር ላይ ቆሟል። ጋሽ ላንቃሞ ከመጋዘናቸው መስኮት ያያሉ። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ አየና ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል።

«ይህ የምን አገር ፊደል ነው ይላል» አለ።

በጎማ ክምር ተደገፍኩ። እዚህ ላይ ጓድ ታደለን ማመስገን አለብኝ። ዓይናቸውን ሳያሹ መለሱ። በአገራችን ሕግ መሠረት የመንግሥት ንብረት የሆነ ነገር ሁሉ አገር ውስጥ ሲገባ በመንግሥት ማኅተም ይታሸጋል አሉ። የፋብሪካው ተነስቶ የእኛ ይገባል። አስተርጓሚው ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ፈረንጁ ለረጅም ጊዜ ማኅተሙን አየ፣ ጓድ ታደለን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ በብዙ አገር እንደሠራና ብዙ ዓይነት ሕግ እንዳየ ተናገረ። ወረቀቱ ላይ ጽፎም አዲስ ሞተር እንዲላክ አሳብ አቀርባለሁ አለ።

አምኖን ይሁን አዝኖልን እስካሁን አላውቅም። እኔ ያን ሰዓት ልጄን አቅፌ የማይ መሰለኝ። ጋሽ ላንቃሞ መስኮታቸውን ዘግተው ወደ ውስጥ ገቡ። ፈረንጁን ምሳ ልናበላው አዳራሽ ይዘነው ገባን፤ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ተጠብሶለታል።

አንባቢዎቼ፣ ጓድ ብርሃኑ የት ነበር ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። እኛም አልጠየቅንም። ካድሬያችን አዲስ አበባ ለአንድ ሳምንት ሴሚናር ሄዶ ነበር፤ ቀትር ላይ ተመለሰ። በግቢው ውስጥ ከዘበኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ አያውቅም። የነገረው የለም። ከእሱ መደበቅ ለዓመታት የለመድነው ነገር ስለሆነ፣ ዛሬ ብንነግረው እንደሚሻል ያሰበ ሰው አልነበረም። ሞተር ተቃጥሎ ፈረንጅ መጣ መባሉን በር ላይ ሰምቶ፣ የውጭ እንግዳ በማግኘቱ ደስ ብሎት እየተጣደፈ ገባ።

ዓሣው ገና አልተቆረሰም። ጓድ ብርሃኑ ፈረንጁን ጨበጠና በክንዱ ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰደው። ያን ጊዜ ነው እኔም፣ ጓድ ታደለም፣ አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ ግድግዳውን ያየነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሞተሩ ውስጥ የደበቅነው ነገር እዚያ በፎቶ ተሰቅሏል። እኔ ነኝ፤ ካቻቢቴ ይዤ፣ እየሳቅኩ።

ጓድ ብርሃኑ ማንበብ ጀመረ። የከበርቴው ፋብሪካ ሆን ብሎ ያሠረውን የሞተር ጉልበት ጓዳችን ሰንሰለቱን በጥሶ ነፃ አወጣው የሚል ነበር። አስተርጓሚው ዓረፍተ ነገር ሊዘል ሲሞክር ጓድ ብርሃኑ ትንሽ እንግሊዝኛ ያውቅ ነበርና «ሰንሰለቱን አልተረጎምክም» አለው። ተረጎመ። ጓድ ታደለ ሳሉ፤ ደግመው ሳሉ፤ ጓድ ብርሃኑ ውኃ ስጧቸው አለና ቀጠለ። ፈረንጁ በትሕትና ሲያዳምጥ ቆይቶ በአስተርጓሚው በኩል ስንት ዙር እንደዞረ ጠየቀ።

«አንድ ዙር ከሩብ!» አለ ጓድ ብርሃኑ፣ ከጽሑፉ ላይ አይቶ።

«ሌሎቹስ መኪናዎች?»

«ሦስቱም ከተሞክሮው ተጠቃሚ ሆነዋል።»

ፈረንጁ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ የጻፈውን ሰረዘ። የአራቱንም ዋስትና ሰረዘ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ እጄን ጨበጠና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ወደ መሬት እያየ፣ «እጅህ ጥሩ ነው ይልሃል። ሩብ ዙር ብቻ ብታዞራት ባልተቃጠለች ነበር ይልሃል» አለኝ። ሰውየው ዓሣውን በልቶ አመስግኖ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጋራንቲ የሚባል ነገር አልነበረንም።

ዓርብ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ አስቴር በትንሽ ቦርሳ ሹራብና ሳሙና አዘጋጅታልኝ ነበር። ቦርሳዋን ወንበሬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ስሜ የሚጠራበትን ሰዓት ብቻ እጠብቃለሁ።

ስሜ አልተጠራም። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጓድ ብርሃኑ ያቺን ሁለት ገጽ እስከ ክፍለ ሀገር ድረስ ልኳታል፤ ምስጋናም መጥቶባታል። እኔ አሻጥረኛ ከተባልኩ የሸለመኝ ኮሚቴ ምን ሊባል ነው? ሪፖርቱን የፈረመውስ? ስለዚህ የሞተሩ መቃጠል በፋብሪካው የጥራት ጉድለት ምክንያት ነው ተብሎ በአንድ ደቂቃ አለፈ። ፎቶዬም ካለበት እንዳይነካ ተወሰነ። ኮከብነቴ እንደገና ጸደቀ ማለት ነው። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ነገር ግን የመጋዘን 2 ማኅተም ፖምፓ ላይ ተገኝቷል፤ አስተርጓሚው አይቷል፣ አዲስ አበባ ሄዶ ያወራል። ለዚህ አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። ጓድ ታደለ ተነስተው የመንግሥት ማኅተም ሳይመዘገብ ከንብረት ክፍል ወጥቷል አሉ። ጋሽ ላንቃሞን አስነሷቸው። ፒንሳው ከእጅዎ ወጥቷል ወይ አሏቸው። ወጥቷል አሉ።

«ለማን ሰጡት?»

ጋሽ ላንቃሞ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ፊት ወደ መድረኩ እያዩ፣ «ከእጄ ወጥቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። ለማን እንደሰጡት መድረኩ ላይ የተቀመጡትም ያውቃሉ፤ ግን መልሱን ማንም አልፈለገውም። ቁጭ ይበሉ አላሏቸውም፤ ውጭ ይጠብቁ ተባለ። በሁለት ጥበቃ መሐል ሲወጡ እግራቸው ወንበሬ ሥር ያለውን ቦርሳ ነካ። ይቅርታ አሉኝ።

ተነስቼ «የወሰድኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። የኦፕሬተሩ ሚስት ትዝ አለችኝ፣ አስቴር ትዝ አለችኝ፤ እነዚህን ሰበብ አድርጌ ነው እንጂ እውነቱ ግን ለራሴ ፈርቼ ነው። ከሥራ ታግደው ለሕግ ይቅረቡ የሚለውን የምትደግፉ እጅ አንሱ ተባለ። ቀና ብዬ ሳይ እጆች ተነስተዋል። ጓድ ብርሃኑ ዓይኑን በየረድፉ እያዞረ ይቆጥራል። ወደ እኔ ረድፍ ሲደርስ አነሳሁ። ከፍ አድርጌ ነው ያነሳሁት፤ እንዲታይ።

አንድ ሰው ብቻ አላነሳም፣ ዳንጊሶ። ምነው ሲሉት ትከሻዬን ታምሜያለሁ አለ። የታመመው ቀኙ ከሆነ በግራህ አንሳ አሉት፤ እሱም አሞኛል አላቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ «አንድ ጓድ በሕመም ምክንያት ድምፅ ባለመስጠቱ፣ በሌሎቹ ሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ተጻፈ። ቦርሳዬን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አስቴር በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች፤ በደስታ ነው። ያደረግኩትን አልነገርኳትም።

ጋሽ ላንቃሞ አምስት ወር ታሰሩ። አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኳቸውም። የወጡ ሰሞን አንድ እሑድ ከሰዓት ቤቴ መጡ። ከስተዋል፤ ለአራሷ ብለው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል። ልጃችን ያኔ አራት ወር አልፎታል። ተቀብለው አቀፉት፣ ባረኩት። እኔ መቀመጫ አጥቼ ቆሜያለሁ። አስቴር ቅቤውን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አናገሩኝ።

«የዚያን ቀን ውጭ ቆሜ ሰማሁ። አንድ ሰው እጁን አላነሳም ሲሉ ጠባቂዎቹ አወሩ» አሉኝ። «ስሙን አልነገሩኝም። እኔ ግን አወቅኩ። እስር ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ከድቶኛል ብዬ ሳዝን፣ አይ፣ መካሻ አለ እላለሁ። እንቅልፍ ይወስደኛል። እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ።»

ምን አልኩ መሰላችሁ? አሜን አልኩ።

እነሆ ስንት ዓመት ሆነ። ደርግ ወደቀ፤ ጓድ ታደለም ጓድ ብርሃኑም ወደየሚሄዱበት ሄዱ፤ ዳንጊሶ አገረ ሰላም ገብቶ አረሰ። እሱ ያን ቀን ስላደረገው ነገር አንድም ቀን ሲያወራ አልሰማሁም። እኔ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። የሰው መኪና ስነካ ቀድሜ መጽሐፉን አነባለሁ፣ ማኅተሙን አያለሁ፣ ያልተጻፈ ትእዛዝ አልቀበልም። ከዚያ ሳምንት ተማርኩ የምለው ይህን ብቻ ቢሆን ሰው ሁሉ ይስማማልኝ ነበር። ስለ ዋስትና ለወጣት ሜካኒኮች ሳወራም የምነግራቸው የፋብሪካውን ሰው ታሪክ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ጋ ስደርስ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ እዚያ ላይ እጨርሳለሁ። የዓርቡን ስብሰባ ነግሬያቸው አላውቅም።

ጋሽ ላንቃሞ ካረፉ ቆዩ። ልጆቻቸው ሚኒባስ አላቸው፤ ሲበላሽባቸው ከመሃል ከተማ ድረስ እየጎተቱ የሚመጡት ወደ እኔ ነው። ሌላ ደንበኛ ካለ ያስተዋውቁኛል፤ አባታችን ላይ ሁሉም እጁን ሲያነሳ ይህ ሰውዬ አላነሳም ይላሉ። ደንበኛው ተነስቶ ይጨብጠኛል። እኔ እጄን በጨርቅ ጠርጌ እጨብጣለሁ።

ይህን ጽሑፍ እነሱም ያነቡት ይሆናል፤ እንዲያነቡት ነው የጻፍኩት። ልጆች፣ ያ ሰው ዳንጊሶ ነው። ጋሽ ላንቃሞ፣ እኔ አንስቼ ነበር።